የእርቅ ገንዘብ ካለቀ በኋላ

(በተለየ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ለእርቅ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቢያነበው የምለው አንድ ጥናት አለ። በ2016 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመ ሲሆን የተካሄደው ከእርስ በርስ ጦርነት በወጣችው በሴራሊዮን 200 መንደሮች ነው። ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው የእርቅ ጉባኤ ተደረገላቸው፤ የቀሩት ለንጽጽር ተያዙ። አጥኚዎቹ ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ቀጥሎም ከ31 ወር በኋላ ተመልሰው ነዋሪዎቹን ጠየቁ። እርቁ በተካሄደባቸው መንደሮች ተበዳዮች በዳዮቻቸውን ይቅር ብለው ተገኙ። ተዋግተው በተመለሱት ላይ ያለው እምነት ጨመረ፤ ሰዉ ለመንደሩ የጋራ ሥራ የሚያዋጣውም ከፍ አለ። በእነዚያው መንደሮች ግን ጭንቀት፣ ድባቴና ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተለው የአእምሮ ሕመም ጨምሮ ተገኘ። ከ31 ወር በኋላም ቢሆን አልለቀቃቸውም።

ጉባኤውን የሚያዘጋጀው «ፋምቡል ቶክ» የተባለ የአገሬው ድርጅት ነው። በ2007 ሥራ የጀመረው ጆን ኮልከር በተባለ የሴራሊዮን የመብት ተሟጋችና «ካታሊስት ፎር ፒስ» በተባለ አነስተኛ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ተቋም አጋርነት ነው። መንደርተኛው ማታ እሳት ዳር ተሰብስቦ በጦርነቱ ጊዜ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረሰ ፊት ለፊት ይነጋገራል። በዳይ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ተበዳይ ከፈቀደ ይቀበላል፣ በማግስቱ እንደ አካባቢው ወግ የማንጻት ሥርዓት ተከናውኖ አብረው ይበላሉ። ይህ የሚታየው ክፍል ነው። ከእሱ በፊት ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶችና የሃይማኖት አባቶች ተወክለው የሚመክሩበትና የሚሰለጥኑበት ረጅም ዝግጅት አለ። ከእሱም በኋላ የጋራ እርሻ፣ የሴቶች ማኅበርና ቅሬታ የሚሰማበት የዛፍ ጥላ ሸንጎ ይከተላል።

ከጥናቱ ተነስቶ «እርቅ ይጎዳል» ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ለዓመታት ታፍኖ የኖረ ሐዘን ድንገት በአደባባይ ሲነገር ያገረሻል። መንደሩ በአንድነት ያተረፈውን ዋጋ ልጇ የተገደለባት እናት ለብቻዋ ትከፍላለች። ስለዚህ ገንዘብ የሚሰጠው አካል መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህችን እናት ከጉባኤው በኋላ ማን ያያታል? ለስንት ጊዜስ?

ያየኋቸው አብዛኞቹ የእርቅ በጀቶች ለዚህ መልስ የላቸውም። አዳራሽ፣ መጓጓዣ፣ አበል፣ ምግብ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የቪዲዮ ባለሙያ፣ የመጨረሻ ሪፖርት ይዘረዘራል፤ ከጉባኤው በኋላ ያለው ጊዜ «ክትትል» በምትል አንዲት መስመር ከጠቅላላው አምስት በመቶ እንኳ የማይሞላ ገንዘብ ተመድቦለት ይታለፋል። በእኔ ግምት ከጠቅላላው በጀት ሢሶው ከጉባኤው በኋላ ላለው ጊዜ መቀመጥ አለበት። በእሱም ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ፣ በማዳመጥና አደገኛ ምልክቶችን በመለየት የሰለጠኑ ሰዎች ደመወዝ ይከፈላል። በአቅራቢያው ካለው ጤና ተቋም ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይደረጋል፤ የተላከ ሕመምተኛ «ባለሙያ የለም» ተብሎ እንዳይመለስ ማለት ነው። በአደባባይ የተናገረ ሰው ሁሉ በሁለት ሳምንት፣ በሦስት ወርና በዓመቱ ቤቱ ድረስ ይጎበኛል። ከሁሉ በፊት ደግሞ በአደባባይ መናገር የማይፈልግ ሰው በዝግ የሚናገርበት መንገድ ይኖራል፤ በተለይ በጾታዊ ጥቃት ጉዳይ የአደባባይ ምስክርነት ተጎጂዋን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያዋርዳት ይችላል። ለጋሹ ፎቶግራፍ ቢጠይቅ መልሱ ቀድሞ የታወቀ ይሁን፦ የሚናገር ሰው አይቀረጽም።

ከፍርድ ቤት ሥርዓት ጋር የተሳሰረ እርቅ ምን እንደሚመስል ከኢንዶኔዥያ አገዛዝ የተላቀቀችው የምሥራቅ ቲሞር ኮሚሽን ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። ከ2002 እስከ 2005 የሠራው የተቀባይነት፣ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ቀለል ያሉ ጥፋቶችን፣ ለምሳሌ ቤት ማቃጠልን፣ ዝርፊያንና ድብደባን፣ በማኅበረሰብ ደረጃ የሚፈታበት አሠራር ነበረው። አጥፊው ወደ መንደሩ ተመልሶ በሰላም ለመኖር ሲፈልግ ያደረገውን በጽሑፍ ያቀርባል። ጽሑፉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ግድያና አስገድዶ መድፈርን የመሰለ ከባድ ወንጀል ካለበት ወደ እርቁ አያልፍም። ካለፈ በኮሚሽኑ የአካባቢ ኃላፊ የሚመራ የአካባቢ ሰዎች ሸንጎ ይሰየማል፣ የእርቁ ትልቅ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ አጥፊው ይናገራል፣ ተጎጂው ይጠይቃል፣ ያልተዋጠለት ያለ እንደሆነ ይሞግታል። በመጨረሻ ላይ አጥፊው የሚፈጽመው ነገር ይወሰናል፦ ያፈረሰውን መጠገን፣ ለተወሰነ ጊዜ ለመንደሩ መሥራት፣ ካሳ መክፈል፣ ወይም በአደባባይ ይቅርታ መጠየቅ። ስምምነቱ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ተልኮ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሆናል። የፈጸመ ለዚያ ጥፋት ዳግም አይከሰስም፤ ያልፈጸመ እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል። በዚህ መንገድ 1,371 ሰዎች ጉዳያቸውን ጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ገንዘቡ የገዛው ምን እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። ጽሑፍ ለማያውቅ ሰው ቃሉን የሚጽፍለት ሠራተኛ፣ ፋይሉን ተራራማ ከሆነ ወረዳ ወደ ዋና ከተማው ወስዶ የሚመልስ መኪና፣ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ውስጥ የሚያነበው ሰው፣ የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይቆማል፤ አጥፊው ቃሉን ሰጥቶ ወራት ሲጠብቅ መንደሩም እሱም ተስፋ ይቆርጣሉ። አሠራሩ የተሰናከለበት ቦታም አለ። የኮሚሽኑ ዕድሜ ሲያበቃ ወረፋ የያዙ ሰዎች ቀርተዋል። ከባዱን ወንጀል ፈጽመዋል ተብለው ከተከሰሱት አብዛኞቹ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ስለነበሩ ፍርድ ፊት አልቀረቡም። ቤት ያቃጠለው ጎረቤት መንደር ፊት ቆሞ ሲናዘዝ ያዘዘው አለቃ በነፃነት መኖሩን ተጎጂዎች ማየታቸው አልቀረም። የመንደር እርቅን የሚደግፍ ለጋሽ የከባድ ወንጀሎችን ክስ የሚከታተሉትንም አብሮ ካልደገፈ ሳያስበው ትንሹን ብቻ የሚጠይቅ ሥርዓት እያቆመ ነው።

የአፓርታይድን በደል የመረመረው የደቡብ አፍሪካው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው የምስክሮቹን እንባ ነው። ለገንዘብ ሰጪ ግን ትልቁ ትምህርት በሕጉ አወቃቀር ውስጥ ነው። በ1995ቱ ሕግ መሠረት የምሕረት ኮሚቴው የመወሰን ሥልጣን ነበረው፤ የካሳ ኮሚቴው ግን ማሳሰብ ብቻ ነበር የሚችለው። ስለዚህ ምሕረት የተፈቀደለት ሰው ዕለቱኑ ነፃ ይወጣል፤ ተጎጂው የመንግሥትን ውሳኔ ይጠብቃል። ኮሚሽኑ ከ21,000 በላይ የተጎጂዎችን ቃል ተቀብሎ በ1998 ባቀረበው ሪፖርት ለስድስት ዓመት በየዓመቱ የሚከፈል ካሳ እንዲሰጥ ጠየቀ። መንግሥት በ2003 የወሰነው ለአንድ ተጎጂ 30,000 ራንድ፣ በአንድ ጊዜ፣ ያ ብቻ። ከኮሚሽኑ ሐሳብ በብዙ ያነሰ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ለጋሽ ልቡ ተነክቶ «ካሳውን እኔ ልክፈል» ሊል ይችላል። አልመክርም። ካሳ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በዳዩ መንግሥት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ የሚፈርምበት ነው፤ ሌላ ሰው ሲከፍለው ፊርማው ይጠፋል፣ መንግሥትም ይገላገላል። ለጋሽ ሊከፍልለት የሚገባው የሚጠይቁትን ሰዎች ነው፦ የተጎጂዎች ማኅበራትን፣ ጠበቆችን፣ መርማሪዎችን፣ መዝገብ ጠባቂዎችን። የአፓርታይድ ተቃዋሚው አሕመድ ቲሞል በ1971 በጆሃንስበርግ ፖሊስ ጣቢያ ከፎቅ ወድቆ ሞተ፤ በ1972 የተሰየመው ችሎት «ራሱን ገደለ» አለ። ቤተሰቡ ለአሥርት ዓመታት ሳይታክት የራሱን መርማሪ ይዞ፣ በመብት ድርጅቶች እየታገዘ ጉዳዩን አስከፈተ፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ መገደሉን አረጋገጠ። የእውነት ኮሚሽኑ ከተዘጋ ከብዙ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የሦስት ዓመት ፕሮጀክት እዚህ አያደርስም።

ሰሜን አየርላንድ ስለ ገንዘብ ከሁሉ በላይ የምናውቅበት ቦታ ሳይሆን አይቀርም፤ ገንዘቡ ብዙ ነበር፣ ጊዜውም ረጅም። ዓለም አቀፉ የአየርላንድ ፈንድ የተቋቋመው በ1986 ነው፤ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል የነበረውን ግጭት ያበቃው የሰላም ስምምነት የተፈረመው በሚያዝያ 1998። የአውሮፓ ኅብረት በ1995 በጀመረው የሰላም ፕሮግራም በመጀመሪያው ዙር ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቷል። ማለትም ብሩ ስምምነቱን አልጠበቀም። ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ለጋሾች ፊርማው ሲፈረም ነው የሚነቁት፣ ያኔ ደግሞ የሚያስታርቅ ሰው ለማፍራት ረፍዷል።

የገንዘቡን አከፋፈል ጠጋ ብሎ ላየው ደስ የሚል ነገር አለው። በ26ቱም የአካባቢ ምክር ቤቶች ክልል አንድ አንድ የአጋርነት ቦርድ ተቋቋመ፤ አንድ ሦስተኛው የተመረጡ ፖለቲከኞች፣ አንድ ሦስተኛው የማኅበረሰብ ድርጅቶች ሰዎች፣ የቀረው ከንግዱ ዓለም፣ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከመሰሎቻቸው። በአደባባይ ሰላም ለመባባል የማይፈልጉ ፖለቲከኞች የትኛው ሰፈር መዋዕለ ሕፃናት እንደሚሠራለት ለመወሰን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ነበረባቸው። ስለ እርቅ ስብከት አልተሰጣቸውም፤ የሚወስኑት በጀት ተሰጣቸው። ዴሞክራሲን በተግባር ማለማመድ ይህ ነው እላለሁ፤ ስለ ዴሞክራሲ ከሚሰጥ መቶ ሥልጠና ይልቅ ውጤቱ የታወቀ፣ ገደቡ የተጻፈ፣ ኦዲት የሚደረግ አንድ የጋራ በጀት ይበልጣል።

ከባዱ ጉዳይ የእስረኞች ነበር። በስምምነቱ መሠረት ከ400 በላይ የታጣቂ ቡድኖች እስረኞች በሁለት ዓመት ውስጥ ተፈቱ። በአካባቢው የነበረው በጎ አድራጎት ፈንድ፣ በኋላ የሰሜን አየርላንድ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የተባለው፣ ከአውሮፓው ገንዘብ እየወሰደ የእነዚህን ሰዎች የራስ አገዝ ማኅበራት ደገፈ። እያንዳንዱ ቡድን መጀመሪያ ለብቻው በራሱ ቢሮ ተደራጀ፤ ወዲያው ተቀላቀሉ ማለት አልተሞከረም። ሥራ ፍለጋ፣ የቤተሰብ ምክር፣ የጤና እርዳታ ሲጠነክር ነው በጋራ ጉዳይ፣ ለምሳሌ በመንገድ ላይ ግጭት ጊዜ ስልክ በመደዋወል፣ መገናኘት የጀመሩት። ከፍተኛ ቅሬታም አስነሳ፤ «ገዳዮቹ ከእኛ ቀድመው ገንዘብ አገኙ» ያሉ ተጎጂዎች ነበሩ፣ ቅሬታቸውም ተገቢ ነበር። የቀድሞ ተዋጊዎችን መደገፍ ግድ ነው፤ ያልተደገፈ ታጣቂ ወደሚያውቀው ሥራ ይመለሳል። ግን የተጎጂዎች ድጋፍ ቢያንስ በዚያው ቀን፣ ቢቻል ቀደም ብሎ መታወጅ አለበት። በወረቀት ላይ የቅደም ተከተል ጉዳይ ይመስላል፤ መሬት ላይ ግን የፕሮግራሙን ተቀባይነት የሚወስነው ይህ ነው።

ከዚያው አገር አንድ ነገር ልጨምር። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ልጆች አብረው የሚማሩበት የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ላጋን ኮሌጅ፣ በ1981 በ28 ተማሪዎች ተከፈተ። የከፈቱት ወላጆች ናቸው። መንግሥት አዋጭነቱ ሳይታይ ገንዘብ አልሰጥም ስላለ በግል መዋጮና በበጎ አድራጎት ገንዘብ ቆየ፤ በ1984 መንግሥት ወጪውን ተረከበው። በ1989 ደግሞ የተቀላቀለ ትምህርትን ማበረታታት የመንግሥት ግዴታ ሆኖ በሕግ ተጻፈ። እንዲያም ሆኖ ዛሬ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚማረው ከአሥር ተማሪ አንድ አይሞላም። ሁለቱም እውነት አብረው ይያዙ፦ የበጎ አድራጎት ገንዘብ መንግሥት የማይደፍረውን ሦስት ዓመት ተሸክሞ አሻገረ፣ ለውጡ ግን በአርባ ዓመትም ገና ነው።

«ሰዎችን አገናኝ፣ ጥላቻ ይጠፋል» የሚለው እምነት የብዙ ፕሮጀክቶች መሠረት ነው። ማስረጃው ይህን ያህል ቀላል አይደለም። በ2020 የታተመ የኢራቅ ጥናት ከአይሲስ የሸሹ ክርስቲያኖችን የእግር ኳስ ሊግ ተመለከተ፤ አንዳንዶቹ ቡድኖች ሙስሊም ተጫዋቾች እንዲጨመሩባቸው በዕጣ ተወሰነ። ከሙስሊሞች ጋር የተጫወቱት በሊጉ ውስጥ ጠባያቸው በርግጥ ተለወጠ፤ በሚቀጥለው ወቅት በተቀላቀለ ቡድን ለመመዝገብ ፈቀዱ፣ ከሌላ ቡድን ሙስሊም ተጫዋችን ለሽልማት መረጡ። ከሜዳው ውጪ ግን፣ ሙስሊም በሚበዛበት ሞሱል ምግብ ቤት እስከመሄድ ድረስ፣ ለውጡ ደካማ ነበር። በሩዋንዳም «ሙሴኬዌያ» በተባለው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ላይ የተሠራ ጥናት አድማጮች የግል እምነታቸው ብዙ እንዳልተለወጠ፣ ነገር ግን «ሰው እንዲህ መሆን አለበት» የሚለው ግምታቸውና ምግባራቸው መለወጡን አሳየ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ለጋሽ የልብ ለውጥን ሊለካ ባይሞክር ይሻላል የሚለውን ነው። «ሌላውን ወገን ትወዳለህ?» የሚል መጠይቅ ሰዎች ከአንገት በላይ የሚመልሱት ነው። አብረው ገበያ መዋላቸውን፣ ብድር መሰጣጣታቸውን፣ ችግር ሲነሳ ማን ጋ ቀድመው እንደሚሄዱ ቁጠር። ተገናኝተው የሚሠሩት ሥራ ደግሞ ሳምንት የሚፈጅ ሳይሆን ወቅት የሚፈጅ ይሁን። በቡሩንዲ በ1995 የተጀመረው ስቱዲዮ ኢጃምቦ ሁቱና ቱትሲ ጋዜጠኞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ወደ ዘገባ ይልክ ነበር፤ እያንዳንዱ የሌላውን ወገን ሰፈር የሚገባው ከጓዱ ጋር ስለሆነ መተማመኑ ከሥራው የመጣ ነው።

በሆቴል የሚደረገው የሁለት ቀን ወርክሾፕ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጥሪው በፖለቲካ መሪዎች በኩል ስለሚያልፍ ሁልጊዜ የሚመጡት እነዚያው ሰዎች ናቸው። አበሉ ከአካባቢው የቀን ገቢ ሲበልጥ ደግሞ መምጣት ራሱ ሥራ ይሆናል። አበሉን ከመጓጓዣና ከጠፋ የሥራ ቀን ዋጋ በላይ አለማድረግ፣ ጉባኤውን ከሆቴል ወደ መንደር ማምጣት፣ ተሳታፊ ከዚያው መንደር እንዲመረጥ ማድረግ፤ እነዚህ ሦስቱ ብቻ ብዙ ያስተካክላሉ።

አሁን ደግሞ ማንም ብዙ ስለማያወራለት ሥራ፦ ስለ መዝገብና ስለ አፅም። በ2005 ጓቲማላ ሲቲ ውስጥ በአንድ የፖሊስ ቅጥር ግቢ 80 ሚሊዮን ገጽ ገደማ የሚገመት የፖሊስ መዝገብ በእርጥበትና በአይጥ መካከል ተከምሮ ተገኘ። ማጽዳት፣ መለየት፣ መቁጠር፣ መቃኘት፤ ይህን ሁሉ የከፈለው በአብዛኛው የውጭ እርዳታ ነው። ቅጂው ወደ ስዊዘርላንድና ወደ አሜሪካው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ2018 የመዝገቡ ኃላፊ ከቦታው ሲነሳና ሥራው ሲናጋ፣ ከአገር ውጭ ያለው ቅጂ ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበር ታየ። መዝገብ የሚደግፍ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ቅጂ በሌላ አገር ሕግ ሥር እንዲቀመጥ ይበጅት። ማን ሊያየው እንደሚችልም ቀድሞ ይጻፍ፤ የጠቋሚ ስም ሳይጠና ቢወጣ ሌላ በቀል ይወልዳልና።

በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ጦርነቶች 40,000 ያህል ሰው ጠፍቷል። በ1996 የተቋቋመው የጠፉ ሰዎች ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ከቤተሰብ የደም ናሙና እየወሰደ ከአፅም ዲኤንኤ ጋር በማነጻጸር ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንዲገኙ ረድቷል። በቦስኒያዋ ስሬብሬኒጻ የተገደሉት መጀመሪያ በጅምላ ተቀብረው፣ በኋላ ወንጀሉን ለመደበቅ በከባድ ማሽን እየተዛቁ ወደ ሌላ ጉድጓድ ስለተወሰዱ የአንድ ሰው አፅም በተለያዩ መቃብሮች ተበታትኖ ይገኛል። አንድ እናት የልጇ አንድ አጥንት ሲገኝ ይነገራታል፤ አሁን ልቅበር ወይስ ሌላው እስኪገኝ ልጠብቅ የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። አንዳንዶች ቀብረው ዓመታት ካለፉ በኋላ ተጨማሪ አጥንት ተገኝቶ መቃብሩ እንደገና ይከፈታል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው የሚገዛው የላቦራቶሪ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ዜናውን ቤት ድረስ ሄዶ የሚነግር፣ ቁጭ ብሎ የሚቆይ ሠራተኛም ነው።

ለምርጫ ታዛቢዎች ስለሚሰጠው ገንዘብም ልበል፤ እዚያ ችግሩ የቀን መቁጠሪያ ነው። የአገር ውስጥ ታዛቢዎች የምርጫ ጣቢያዎችን ናሙና ወስደው ውጤቱን በትይዩ እንዲደምሩ ከተፈለገ፣ የጣቢያዎቹ ሙሉ ዝርዝር ቀድሞ መገኘት፣ ናሙናው በትክክል መውጣት፣ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የሰለጠነ ሰውና ተጠባባቂ መመደብ፣ መልእክት መላኪያውም ቢያንስ አንድ ጊዜ በሙሉ ልምምድ መፈተሽ አለበት። ናሙናው ውስጥ ካሉ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ሪፖርት ካላደረጉ ውጤቱ ዋጋ የለውም፤ ሩቅ ጣቢያዎች ናቸው ብዙ ጊዜ የሚቀሩት፣ እነሱ ደግሞ አመራረጣቸው ከከተማው ይለያል። ገንዘቡ ግን ምርጫው ሁለት ወር ሲቀረው ይለቀቃል። ያኔ የመራጮች ምዝገባ ተጠናቋል፤ ብዙ ማጭበርበር የሚፈጸመው ደግሞ በምዝገባው ላይ ነው። ገንዘቡ ምዝገባው ከመጀመሩ ስድስት ወር በፊት ቢደርስ በግማሽ መጠን የተሻለ ሥራ ይሠራል።

የገንዘቡ አለቃቀቅ ራሱ ሥራ ይገድላል። አንዳንድ ለጋሾች የመጨረሻውን አሥር ወይም ሃያ በመቶ ኦዲቱ እስኪጸድቅ ይይዛሉ፤ ትልቅ ድርጅት ከራሱ ካዝና ይሸፍነዋል፣ አምስት ሠራተኛ ያለው የወረዳ ማኅበር ግን ደመወዝ ይበደራል ወይም ሰው ያሰናብታል። ከለጋሹ ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ከዚያ ወደ አገር አቀፍ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ሲወርድ በየእርከኑ የአስተዳደር ወጪ ይቀነሳል፤ ታች ያለው ማኅበር ለቢሮ ኪራይና ለሒሳብ ሠራተኛ «አይፈቀድም» ይባላል፣ ግን የሒሳብ ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ ይጠበቅበታል። የቢሮ ወጪን መክፈል ውለታ አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲጣራ ከተፈለገ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ያስፈልጋል። የድጋፍ ጥያቄ በአካባቢው ቋንቋ፣ ካስፈለገም በቃል እንዲቀርብ መፍቀድም እንዲሁ፤ ጥሩ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰውና በመንደሩ የሚታመን ሰው አንድ የሚሆኑት አልፎ አልፎ ነው።

ሕጉም እጅ ያስራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ውሳኔ በሽብርተኝነት ለተሰየመ ቡድን ግጭትን በሰላም ስለመፍታት ሥልጠና መስጠት እንኳ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ከታጣቂ ጋር የሚነጋገር አስታራቂ የሚደግፍ ተቋም ስለዚህ ጠበቃ ማማከር ያለበት ስምምነት ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ባንኩ ዝውውሩን ካገደ በኋላ የሚደረግ ማብራሪያ ወራት ይፈጃል። ከተቀባዩ አገር በኩልም እንዲሁ። የኢትዮጵያው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብዓዊ መብትና ከዴሞክራሲ ብቻ ሳይሆን ከግጭት አፈታትና ከእርቅ ሥራም አግልሎ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 (ይህም በኢትዮጵያ አቆጣጠር) እስኪሻር ድረስ ለአሥር ዓመት ያህል። እንዲህ ያለ ሕግ በአንድ ሌሊት ሊወጣ ስለሚችል፣ ለጋሽ ተቀባዩ ከአገር ውስጥ አባላት መዋጮ እንዲሰበስብ ከመጀመሪያው ዓመት ቢያግዘው፣ መዋጮው ትንሽ ቢሆንም፣ ሕጉ ሲጠነክር የሚተርፍ ነገር ይኖራል።

መውጣቱም ሥራ ነው። በቻክ ፊኒ የተመሠረተው «አትላንቲክ ፊላንትሮፒስ»፣ በሰሜን አየርላንድም በደቡብ አፍሪካም ብዙ የሰጠ ተቋም፣ ገንዘቡን ሁሉ አውጥቶ ለመዝጋት የወሰነው በ2002 ነው፤ የተዘጋው በ2020። ተቀባዮቹ ለመዘጋጀት ጊዜ ነበራቸው። ይህን ያህል ባይሆንም ሦስት ዓመት ማስጠንቀቂያ መስጠት ለማንም ለጋሽ ይቻላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ በሁለተኛው ሰባ በመቶ፣ በሦስተኛው አርባ። በሦስተኛው ዓመት የመኪናው ሊብሬ በድርጅቱ ስም መዞሩ፣ የቢሮው ኪራይ ውል መታደሱ፣ የምስክሮች ቃል የተቀዳበት ድምፅ የማን ንብረት እንደሆነና ያለ ምስክሮቹ ፈቃድ ማን ሊከፍተው እንደማይችል በጽሑፍ መስፈሩ፣ የይለፍ ቃሉንም ከአንድ በላይ ሰው መያዙ አንድ በአንድ ይረጋገጥ። ቤት ለቤት የምትጎበኘው ሠራተኛም ደመወዟ ከየት እንደሚቀጥል ከመጨረሻው ክፍያ ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ይነገራት፤ የምትጎበኛቸው ሰዎች ስለ ፕሮጀክቱ መዘጋት ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእሷ እንዲሰሙ።